ከታች የምትቆመው፦ ቤዝ ሆኜ የተማርኩት

እናቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፎቶው ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ በአንድ እግሯ አየር ላይ ቆማ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ትስቃለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጅሽ ይህቺ ናት?» ብሎ ይጠይቃል። እናቴም ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጣቷን ከልጅቷ ጫማ ሥር፣ ሁለት ጥንድ እጆች በተደራረቡበት ቦታ ላይ ታሳርፍና «የእኔ ልጅ ይህቺ ናት፤ እጇ ይኸውላችሁ» ትላለች። ፊቴ አይታይም። ከእኔ የሚታየው ሁለት መዳፍ፣ የእጄ አንጓ ላይ የተጠቀለለው ነጭ ፕላስተርና የጸጉሬ ጫፍ ብቻ ነው።

ቺርሊዲንግን፣ በቡድን ሆኖ በጩኸት፣ በጭፈራና ሰው በማንሣት የሚሠራውን እንቅስቃሴ፣ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ሰው ወደ ላይ የሚነሣበት ትርኢት «ስታንት» ይባላል። አየር ላይ የምትቆመው «ፍላየር» ናት፤ ከሥሯ ሆነው እግሯን ይዘው የሚያነሷት ሁለቱ «ቤዝ» ይባላሉ፤ ከኋላ ቆማ ቁርጭምጭሚቷን የምትይዘውና ቁጥር የምትጠራው ደግሞ «ባክ ስፖት» ናት። እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ሲሆን፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ወደ ትምህርት ቤቱ ቡድን ገባሁ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን ትከሻዬን አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ቤዝ አደረጉኝ። ሦስት ዓመት በትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት በኮሌጅ ሰው ተሸክሜአለሁ። አሁን መተዳደሪያዬ ሌላ ሥራ ቢሆንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ታዳጊዎችን በማሠልጠን አግዛለሁ። ከእነርሱም መካከል የሐበሻ ልጆች በየዓመቱ እየበዙ ስለመጡ፣ «እጄ ደካማ ነው፤ ምን ልሥራ?» የሚለውን ጥያቄ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እሰማለሁ። አጭሩ መልሴ «ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም» የሚል ነው። ረጅሙን እዚህ ልጻፈው።

አስቀድሜ ግን የአባቴን ጥያቄ ላንሣ፤ የብዙ ወላጆች ጥያቄ ስለሆነ። አባቴ ነገሩን እንደ ጭፈራ ነበር የቆጠረው፤ «ስፖርት ነው ወይስ ድምቀት?» ይለኝ ነበር። አጀማመሩ በእርግጥ ድምቀት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1898 ጆኒ ካምቤል የተባለ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ላይ ከተመልካቹ ፊት ቆሞ ሕዝቡን በአንድ ድምፅ ያስጮኸበት ቀን የስፖርቱ ልደት ተደርጎ ይቆጠራል፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የወንዶች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። አባቴ ግን ክርክሩን የሚያግዝለት ማስረጃ ፈልጎ አላጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኮኔቲከት የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኑን ዘግቶ በምትኩ ተወዳዳሪ የቺር ቡድን ለማቋቋም በተነሣ ጊዜ፣ ይህ እንቅስቃሴ በሴቶች የትምህርት እኩልነት ሕግ ዓይን ገና እንደ ስፖርት ሊቆጠር አይችልም ብሎ ፈርዷል። እኔም በተራዬ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2021 ለዓለም አቀፉ የቺር ኅብረት ሙሉ እውቅና መስጠቱን አምጥቼ አሳየሁት፤ አንድ ለአንድ ወጣን። ፍርዱ ስለ ውድድሩ አደረጃጀት እንጂ ስለ ላቡ የተሰጠ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ አባቴም አንድ ቀን ልምምድ ላይ ተገኝቶ ካየ በኋላ ጥያቄውን አልደገመውም።

የመጀመሪያውን ዓመት በስህተት አሳለፍኩት ማለት እችላለሁ። ቤዝ ማለት በእጅ ማንሣት ስለመሰለኝ፣ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት ሃምሳ ፑሽ አፕ እሠራ ነበር። ክንዴ ወፈረ፤ ስታንቱ ግን አልተሻሻለም። ፍላየሯን እስከ አገጫችን ከፍታ ማድረስ አላስቸገረንም፤ ይህ «ፕረፕ» የሚባለው ነው። ከዚያ በላይ፣ ክንድ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከራስ በላይ ወደሚቆለፍበት «ኤክስቴንሽን» ስንገፋት ግን ክርኖቼ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ ወገቤ ወደ ፊት ይቀለበሳል፤ ደረቴ ወደ ሰማይ ይገለበጣል። ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ልምምዱ ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ እንዲሁ ተቀልብሼ ሳለሁ ሚዛኔን ለመጠበቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ወሰድኩ። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። የያዝኩት እግር አብሮኝ ወደ ኋላ ሄደ፤ ጓደኛዬ የያዘችው እግር እዚያው ቀረ፤ ፍላየሯም በመካከላችን እንደ ተከፈተ መቀስ ሆና ወረደች። ባክ ስፖቷ ከብብቷ ሥር ይዛ ስላስቀረቻት መሬት አልነካችም፤ ክርኗ ግን ቅንድቤ ላይ አረፈ። ጠባሳው ዛሬም በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

በረዶ ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አሠልጣኛችን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና፣ «ክንድሽ አልደከመም፤ እግርሽ ሥራ ፈትቶ ክንድሽ የሁለቱን ሥራ ሲሠራ ነው የዋለው» አሉኝ። ያን ጊዜ የተግሣጽ ቃል መስሎኝ ነበር፤ ቃል በቃል የአሠራር ማብራሪያ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

ነገሩን በምናውቀው ዕቃ ላስረዳ። ሃያ ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን እጅን ወደ ታች ለቅቆ ከጎን አንጠልጥሎ መሄድ ይቻላል፤ ያንኑ ጀሪካን ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ ለመያዝ የሚሞክር ሰው ግን ገና ሳይረጋጋ ይጥለዋል። ውሃው አልጨመረም፤ ከሰውነታችን መስመር መራቁ ነው ያከበደው። ከራስ በላይ በሚያዝ ሸክምም ሕጉ ያው ነው። የእጅ አንጓ በክርን ላይ፣ ክርን በትከሻ ላይ፣ ትከሻ በዳሌ ላይ፣ ዳሌ በቁርጭምጭሚት ላይ ቀጥ ብሎ ከተደረደረ ሸክሙን የሚችለው አጥንት ነው፤ ጡንቻ የሚያስፈልገው ድርድሩ እንዳይዛነፍ ለመጠበቅ ብቻ ይሆናል። እጅ ከፊት ግንባር አንድ ስንዝር ወደ ፊት ከቀደመ ግን ትከሻና ወገብ ያችን ስንዝር ሲታገሉ ይውላሉ። እኔ ሃምሳ ፑሽ አፕ የምሠራው ያችን ስንዝር ለመታገል ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አያቴ ትታወሰኛለች። ክረምት ላይ ሰሜን ሸዋ ገጠር እንሄድ ስለነበር ከምንጭ ውሃ ስትቀዳ ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። እንስራዋን ሞልታ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትጠጋዋለች፤ ገመዱን በደረቷ ላይ አዙራ ታጠብቃለች፤ ከዚያ ጉልበቷን ትንሽ ታጥፍና ትንፋሿን ውጣ በእግሯ ትነሣለች። መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ትሄዳለች፤ በምትነሣበት ቅጽበት ግን ጀርባዋና እንስራው አንድ አካል ነበሩ። እጆቿ ገመዱን ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። እኔ ከዚያች ሴት ተወልጄ ሰው በእጄ ለማንሣት ስታገል አንድ ዓመት ማባከኔ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። መነሻው የሁለቱ እግሮች አቋቋም ነው፤ በትከሻ ስፋት ተለያይተው፣ ጣቶቹ በትንሹ ወደ ውጭ ዞረው። ፍላየሯ እጆቿን በሁለቱ ቤዞች ትከሻ ላይ አድርጋ ዘልላ ስትገባ፣ እግሮቿን የምንቀበለው መዳፋችንን ወደ ላይ አድርገን፣ እምብርታችን አካባቢ፣ ክርናችንን ከጎድናችን ጋር አጣብቀን ነው። ክርን ከጎድን ከራቀ ክብደቱ በትንንሾቹ የክንድ ጡንቻዎች ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ ጉልበት ይታጠፋል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁለት ነገር ያጠፋሉ። አንዱ ወገባቸውን ማጠፋቸው ነው፤ ደረታቸው ወደ ፍላየሯ ይደፋል፤ ከዚያ ሲነሡ ሸክሙን በወገባቸው ይጎትቱታል። ሁለተኛው በጣም ዝቅ ማለታቸው ነው። ለኃይለኛ ግፊት የሚያስፈልገው አጭርና ፈጣን ዝቅታ ሲሆን፣ ሙሉ ቁጢጥ ካሉ ግን ፍጥነቱ እታች ይሞታል፤ መነሣትም እንደ አዲስ ሥራ ይጀመራል። ደረት ቀና፣ ጉልበት ከእግር ጣት አቅጣጫ ጋር እኩል፣ ተረከዝ መሬት ላይ። ተረከዟ ከመሬት የምትነሣ ቤዝ ገና ስትወርድ ወደ ፊት ተደፍታለች፤ ስለዚህ አንዲትን ልጅ ለመገምገም ስፈልግ በመጀመሪያ የማየው እጇን ሳይሆን ተረከዟን ነው።

የዚህ ሁሉ ቁም ነገር ያለው በሚቀጥለው ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ነው። እግር በኃይል ከገፋና ጉልበትና ዳሌ አብረው ከተዘረጉ፣ ፍላየሯ ወደ ላይ የምትሄድበት ፍጥነት ስላላት ክብደቷ ለአንድ አፍታ ከመዳፍ ላይ የሚጠፋ ይመስላል። ክንድ የሚዘረጋው በዚያች አፍታ ነው። ቀደም ብሎ ከተዘረጋ ሙሉ ክብደቷን ብቻውን ይገፋል፤ ዘግይቶ ከተዘረጋ ደግሞ ስትመለስ ያገኛታል። እኔ ይህን ስሜት መጀመሪያ ያገኘሁት በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ ነው። እጄ ላይ ምንም እንደሌለ ተሰማኝ፤ ወድቃ ይሆን ብዬ ደንግጬ ቀና ስል፣ ክንዴ ከራሴ በላይ ተቆልፎ ፍላየሯ ጸጥ ብላ ቆማለች። ስንወርድ ጓደኛዬ «ምንድን ነው የተፈጠረው?» አለችኝ። ምንም አልተፈጠረም ነበር፤ ክንዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራውን ጠብቆ ነው።

አያያዝ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በጽሑፍ ከመግለጽ በእጅ ማሳየት ይቀላልና። በሁለት እግር በሚቆምበት ስታንት እያንዳንዷ ቤዝ አንድ እግር ትይዛለች፤ አንድ እጅ ከተረከዝ ሥር፣ አንድ እጅ ከእግር ጣቶቹ ሥር፤ የፍላየሯ ውስጥ እግር እንደ ወለል ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቆይ። ጣቶቹ ካዘነበሉ ፍላየሯ ወደ ፊት፣ ተረከዙ ካዘነበለ ወደ ኋላ ትሄዳለች። በአንድ እግር በሚቆምበት «ሊበርቲ» ደግሞ ዋናዋ ቤዝ ጣትና ተረከዙን ስትይዝ፣ የጎኗ ቤዝ አንድ እጇን ከእግሩ መሐል ሥር አድርጋ በሌላው የዋናዋን አንጓ ትደግፋለች። እናቴ ጣቷን የምታሳርፍበት ፎቶ ይህ ነው። በሁለቱ ቤዞች መካከል ያለው ርቀት ከፍላየሯ ዳሌ ስፋት መብለጥ የለበትም፤ በፍርሃት የተራራቁ ቤዞች የፍላየሯን እግሮች ይበረግዳሉ፤ የተበረገደች ፍላየር ደግሞ ብረት ብትሆን አትቆምም። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና አምባር ይውለቅ። የአንገት መስቀልም ይውለቅ፤ ለዚህ ከአንዳንድ እናቶች ጋር ረጅም ውይይት አድርጌአለሁ፤ ክሩን በጥንቃቄ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ጊዜ መጠበቅ የተለየ ችግሬ ነበር። ቡድኑ በስምንት ቁጥር ይቆጥራል፤ ባክ ስፖቷ «አንድ፣ ሁለት፣ ታች፣ ላይ» በሚለው ዓይነት ትጠራለች፤ ሁለቱ ቤዞች በአንድ ቅጽበት ወርደው በአንድ ቅጽበት ካልተነሡ ፍላየሯ አንዱ እግሯ ደረጃ ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ እንዳለ ሰው ትሆናለች። እኔ እንግሊዝኛውን ሰምቼ በውስጤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ እቆጥር ስለነበር ሁልጊዜ በትንሽ አፍታ እዘገይ ነበር። ለወራት ያህል ችግሬ የጉልበት ሳይሆን የትርጉም ነበር ማለት ነው። መፍትሔ ያገኘሁት ቁጥሩን መስማት ትቼ ከጓደኛዬ ትንፋሽ ጋር መውረድ ስጀምር ነው። አገር ቤት ሰዎች ቁምሳጥን ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ከ«ሆ!» በፊት ሁሉም በአንድነት አየር እንደሚስቡት ማለት ነው፤ የሚያስማማቸው ጩኸቱ ይመስለናል እንጂ ከጩኸቱ በፊት ያለው ትንፋሽ ነው።

ዓይን የት መሆን አለበት? ፍላየሯ ላይ፣ በተለይ ዳሌዋ ላይ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚናገረው ዳሌው ነው፤ ፊቷ እየሳቀ ዳሌዋ ወደ ቀኝ ከሸሸ፣ ሁለት ቤዞች እግራቸውን በትንሹ ወደ ቀኝ አዛውረው ከሥሯ መግባት አለባቸው። እኔ በዚያ ማክሰኞ የወሰድኩት እርምጃ የተሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሄድኩት እርሷን ተከትዬ ሳይሆን የራሴን ሚዛን ፍለጋ ነበር። መቀበልም እንዲሁ ነው። ፍላየሯ ተወርውራ በጀርባዋ ወደ ክንዳችን ስትመለስ፣ ክንዳችን ወደ ላይ ተዘርግቶ ሊቀበላት ይገባል፤ ከፍ ብለን ከያዝናት ጉልበታችንን እያጠፍን ክብደቷን ቀስ በቀስ እንውጠዋለን። ዝቅ ብላ እንድትደርስ ከጠበቅናት ግን የሚውጠው ወገባችን ነው። ጀማሪ ቤዝ የሚወድቅ ሰው ሲመጣባት ፊቷን ታዞራለች። ይህ ተፈጥሮ ስለሆነ በስድብ አይጠፋም፤ ከጉልበት ከፍታ ጀምሮ መቶ ጊዜ በመቀበል ነው የሚጠፋው።

ወላጆች የአደጋውን ነገር ሲጠይቁኝ አልሸፋፍንም። እ.ኤ.አ. በ2006 በሴንት ሉዊስ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ላይ አንዲት የኮሌጅ ቺርሊደር ከሰው ፒራሚድ ላይ ወድቃ የአንገቷ አጥንት ከተሰነጠቀ በኋላ፣ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ የሚፈቀዱት ስታንቶች ተገድበዋል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ ስታንት በፍራሽ ወይም በተመሳሳይ ለስላሳ ወለል ላይ እንዲሠራ፣ ቡድኖቹም እንደ ማንኛውም ስፖርት የሠለጠነ አሠልጣኝና የሕክምና ክትትል እንዲኖራቸው መክሯል። ልጅሽ የምትለማመደው ባዶ ወለል ላይ ከሆነ፣ ወይም አሠልጣኙ የታችኛው ሳይጸና ወደ ላይኛው የሚቸኩል ከሆነ፣ ሌላ ቡድን ፈልጊ፤ እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ጉልበት ስለማዳበር የምለው ብዙ ነው። ከዚያ መውደቅ በኋላ ፑሽ አፑን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ቦታውን ግን አስለቀቅኩት። ከውድድር ወቅት ውጭ በሳምንት ሦስት ቀን ብረት ማንሣት ጀመርኩ። ዋናው ስኳት፣ ማለትም ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሣት ነበር፤ በተለይ ክብደቱን ከፊት፣ ደረት ላይ ይዞ የሚሠራው፤ ምክንያቱም ደረት ከተደፋ ብረቱ ስለሚወድቅ ቀና ማለትን በግድ ያስተምራል። ቀጥሎ «ፑሽ ፕረስ» የሚባለው አለ፤ ብረቱን ትከሻ ላይ ይዞ፣ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ፣ በእግር ገፍቶ ከራስ በላይ መቆለፍ። አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ የስታንቱ ዝቅታ፣ ግፊትና ቁልፊያ ሁሉ በውስጡ ስላሉ። መጀመሪያ ባዶውን ብረት፣ 45 ፓውንዱን፣ አምስት አምስት ጊዜ በአራት ዙር አነሣሁ፤ ቅርጹ ሳይበላሽ ሲቀለኝ ብቻ አምስት ፓውንድ እጨምር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ 95 ደረስኩ። የእኛ ፍላየር 108 ፓውንድ ነበረችና ለሦስት ስለምናነሣት ቁጥሩ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚንቀሳቀስ ሰው እንደ ብረት ዝም አይልምና ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል።

ብረት የማያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መንሸራተት ነው። ለዚህ የጠቀመኝ ጂም ውስጥ የተገኘ ዕቃ ሳይሆን እናቴ ከሐበሻ ሱቅ የምታመጣው 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ነበር። በሁለት ፌስታል አጥብቄ አስሬ፣ ከራሴ በላይ በተቆለፈ ክንድ ይዤው ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ እመላለስ ነበር። ዱቄቱ በየእርምጃው ወደ አንድ ጎን ይፈስሳል፤ ሰውነትም ወገቡን ሳይቀለብስ ተከትሎት መስተካከል አለበት፤ ልክ ፍላየር ስትወዛወዝ እንደሚደረገው። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፤ በኋላ «የዚህ ቤት ሊጥ ስፖርት ሠርቶ ነው የሚቦካው» ማለት ጀመረች። አንድ ጊዜ ፌስታሉ ተቀዷል፤ ስለዚያ ቀን ብዙ ባልናገር ይሻላል።

ለወገብ የምሠራው ሆድን ማጠፍ ሳይሆን ሆድን ማጠንከር ነበር፤ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ላይ ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት)፣ በአንድ እጅ ብቻ ከባድ ዕቃ ይዞ ሳይዘነብሉ መሄድ፣ በጀርባ ተኝቶ ወገብን ከወለሉ ሳያስለቅቁ እጅና እግርን ማንቀሳቀስ። አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጀርባን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቆሞ፣ ወገብ ከግድግዳው ሳይርቅ፣ ቀጥ ያለ ክንድን ከራስ በላይ አንሥቶ ግድግዳውን መንካት። ብዙ ልጆች ይህን አይችሉትም፤ ክንዳቸው ሊደርስ ሲል ወገባቸው ይቀለበሳል። እንዲህ ያለች ልጅ የጎደላት ጉልበት አይደለም፤ ትከሻዋና የላይኛው ጀርባዋ ስላልተፍታታ ነው። ክብደት ከመጨመር በፊት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ትከሻዋን ማፍታታት አለባት። የእጅ አንጓም አይዘንጋ። እኔ ሲያመኝ በፕላስተር ጠቅልዬ እቀጥል ነበር፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ያ ነው። ፕላስተር ሕመምን ይደብቃል እንጂ አያድንም፤ ያ ድብብቆሽ በኮሌጅ ስድስት ሳምንት ከልምምድ አስቀርቶኛል።

የጾም ነገር በእንግሊዝኛ በተጻፈ ምክር ውስጥ አይገኝምና እኔ ልበል። የውድድሩ ወቅት ከጾመ ነቢያት 43 ቀናት ጋር ይገጣጠማል፤ የቀረው ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ይደርሳል። የጾም ምግቡ ችግር አልፈጠረብኝም፤ ምስር፣ ሽሮና እንጀራ ለሥራ የሚሆን ምግብ ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። አንድ ዓርብ ምንም ሳልቀምስ እስከ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ልምምድ ገባሁ፤ ስኳት ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ እንደ ዕድል እጄ ላይ ሰው አልነበረም። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው፣ ሌላ ሰው በምሸከምበት ቀን ቀድሜ እንድቀምስ ነገሩኝ። ለሌሎች ልጆች የምመክረውም የየራሳቸውን የንስሐ አባት እንዲጠይቁ ነው፤ በዝምታ ባዶ ሆድ መጥቶ የሌላ ልጅ አንገት በእጅ መያዝ ግን ልክ አይደለም።

ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ደስ አይልም። በሰርግና በማኅበር ላይ «ቤዝ የሚያደርጉት ወፍራሞቹን ነው አይደል?» የሚሉ አክስቶች አሉ። ይህን ሰምታ ምግብ የቀነሰች፣ ከዚያም ፕረፕ እንኳ መያዝ ያቃታት ልጅ አውቃለሁ። አንዷን ከታች፣ አንዷን ከላይ የሚያደርገው ቁመት፣ ትከሻ፣ የእግር ኃይልና ከሁሉም በላይ አለመደንገጥ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኤክስቴንሽን ሞከረች። ሦስት ጊዜ አነሡ፤ ሦስት ጊዜ ፍላየሯ ግንባራቸው ላይ ደርሳ ተመለሰች። «እጄ ነው፤ እጄ እንቢ አለኝ፤ አንዴ እንድገመው» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ያልሆነ ስታንት በደከመ እግር በአራተኛው አይሆንም ብዬ ስለማምን ከለከልኳት። ፍላየሯን አስቀምጠን ሁለታችን መስታወቱ ፊት ባዶ እጃችንን ቆምን። እኔ በአማርኛ ቆጠርኩ፤ ወረድን፣ ተነሣን። በየዙሩ ስትወርድ የግራ ተረከዟ በወረቀት ውፍረት ያህል ከወለሉ ይነሣ ነበር፤ እርሷ ግን እጇን ነበር የምታየው። «ወደ ታች ተመልከቺ» አልኳት። አየችው። ሰባተኛው ላይ ተረከዙ ወለሉን ሳይለቅ ወረደች፤ ስምንተኛው ላይም እንዲሁ፤ ከዚያ ውሃዋን ጠጥታ ጫማዋን ፈታች።